ሁለተኛ ዓይን

ስልኬ በየጠዋቱ «ሞላሁ» ይለኛል፤
የቱን ልሰርዘው? ሁሉም ያሳሳኛል።
ናሆም ጥርስ ሲያወጣ፣ ጭቃ ላይ ሲወድቅ፣
አባቴ ሲያስነጥስ፣ ውድነሽ ስትስቅ፣
የቤት ውላችን ቅጂ፣ የቆጣሪው ቢል፣
ሁሉም አንድ ኪስ ውስጥ ተዛዝሎ ሲውል።

ቅዳሜ፣ የወጣልኝን የዕቁብ ብር ይዤ፣
ከኮዬ መገናኛ በሁለት ታክሲ ተጉዤ፣
ሙዘይን ሱቅ ገባሁ። ደረደረ ባንኮኒው ላይ፦
«ባለ ሁለት ዲስኩን ውሰድ፤ ዋጋውን አትይ፤
አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይመክታል፤
አንድ ዓይን ያለው ሰው ባፈር ይጫወታል?»

ልክ ነው። ግን ልዩነቱ የናሆም የተርም ክፍያ ነው፤
ትንሿን አነሳሁ፤ «ይችን ጠቅልል፤ ያንን ተወው።»
መዳፍ ሙሉ ሳጥን፣ ከመጽሐፍ የቀለለች፣
ዕድሜዬን ልትሸከም በፌስታል ተንጠለጠለች።

አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከራውተሩ ጎን፣
አረንጓዴ ዓይኗን ገልጣ አየችን።
ሌሊቱን ስትቀዳ፣ ስትቧጥጥ እንደ አይጥ፣
«ምንድን ናት?» አለች ውድነሽ ስትገላበጥ።
ከዚያ መብራት ጠፋ። ኮዬ ሁሉ ጨለመ፤
ያ መቧጠጥ ሲቆም የኔም ልብ ቆመ።

ነጋ። መብራት መጣ። አንድም አልጎደለም።
የሙዘይን ተረት ግን ከጆሮዬ አልወጣም።
ከተሰበረ ላፕቶፕ ዲስክ ፈታሁና፣
ሁሉን ገለበጥኩ፤ በካልሲ ጠቀለልኩና፣
ቱሉ ዲምቱ ወሰድኩት፣ እህቴ አልጋነሽ ጋ።
«ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሁለተኛው ዓይኔ ነው፤
ቁም ሳጥን ውስጥ ይሁን። አደራ፣ ከበርበሬ አርቂው።»