ክቡ ሞላላ ሲሆን

ሚግዳል ሃኤሜክ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ፣
ሌሊት እሠራለሁ ጓንቴን አድርጌ።
ላሜራው ሳይገባ ከፕሬሱ ጉሮሮ፣
ገላው ላይ ይታተማል ክብ ከክብ ተሰድሮ።
ተጨምቆ ሲወጣ፣ በማጉያ መነጽር፣
የያንዳንዱን ክብ መከራ መቁጠር፦
ሥራዬ ይኸው ነው።
ክብ ሆኖ የገባ ክብ ሆኖ አይወጣም፤
የደረሰበትን ሸሽጎ አይመጣም።

ያን ሰሞን የሳህን ማጠቢያ ገንዳ ነበር።
ከመቶው ሠላሳው ጥጉ ጋ ሲበጠስ፣
መጣያው በርሜል ሞልቶ ሲፈስ፣
ኢንጂነር ቪታሊ ጸጉሩን እየነጨ፣
«ብረቱ ደካማ ነው» ይላል እየተቆጨ።

«ብረቱማ ያው ነው» አልኩት በሰባራው ዕብራይስጤ፤
«አሳሳቡ ነው የተለያየው።
ወለሉን ተመልከት፤ በአራቱም ጎትተኸው
ክቡ ሰፋ እንጂ፣ ሳሳ እንጂ፣ ቻለው።
ግድግዳውን እየው፤ ባንድ ፊት ሲረዝም በሌላው ጠበበ፤
መጥበብ ተፈቅዶለት፣ እጅግ ተሳበ።
ጥጉ ግን፣ ቪታሊ፣
ወደ ታች ጎተትከው፣ ጎኑን ግን ጨብጠህ፣
መስፋትን ከልክለህ፣ መጥበብን ነፍገህ።
ቁመቱ ሲጨምር ወርዱ ካልተነካ፣
ቀድሞ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው ለካ።»

ቀጥቃጩ አባቴ፣
ቀን ማረሻ አሠርተው ማታ «በላን» የሚሉት፣
እንዲህ ይል ነበረ ወናፉን ስነፋለት፦
«ብረት ቂም ይይዛል። የትናንቱን ምት አይረሳም።
እሳት ካላስታረቀው፣ ዛሬ ብትለምነው አይሰማም።»
ይህ ላሜራም እኮ፣ ጥቅል ሆኖ ሳለ፣
በማናውቀው አገር ስንት ግፊት ቻለ።

ያዡን ቀለበት ጥቂት አላላን፤ ጠርዙ ተጨማደደ።
ጥቂት አጠበቅን፤ ጥጉ ተቀደደ።
ሊነጋጋ ሲል፣ ዘይት ቀባብተን፣
ከሁለቱ መሐል ጠባብ መንገድ ተገኘች፤
አርባ አንደኛዋ ገንዳ ሳትቆስል ወጣች።

«እንዴት ዐወቅሽ?» አለኝ።
ዝም አልኩ።
ምኑን ልንገረው?
እህቴን ዝማምን? ጎንደር ላይ፣ ሃያ ዓመት፣ ሻንጣዋን ሸክፋ፣
«ትሄጃለሽ» እያሉ ወዲህ የሚስቧት፣
«ቆዪ» እያሉ ጎኗን የጨበጧት።

ብረት ሊቀደድ ሲል ቀጭን ሸለቆ ያወጣል፤
ለዓይን አይታይም፣ በጥፍር ይታወቃል።

ሰንበት ሲወጣ ደወለች።
«ደኅና ነኝ» አለች።
ቃሏን በጥፍሬ ዳበስኩት።