ደህንነት የሚለው ቃል

ስልኩ ላይ ስም የለኝም፤ ቁጥር ነኝ፣ አራት ሺህ ሰባ፤
ኤድመንተን፣ ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ፣
እኩለ ሌሊት ሲገባ።
ሕጉ አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታልቅሺ፤
እሷ «እኔ» ስትል «እኔ» በይ፤
የራስሽን ግን እርሺ።

በአንዱ ጫፍ የመጠለያው ሠራተኛ፣ ድምጿ ረጋ ያለ፤
በሌላው ጫፍ ብሩክስ፣ የከብት ማረጃው ከተማ፣
ከቆመ መኪና ውስጥ
የማሞቂያው ትንፋሽ ሲሰማ፣
አንዲት ሴት። ስሟ እኔ ጋ ይቅር። ለእናንተ ትርንጎ ትሁን።
«የደህንነት ዕቅድ አለሽ ወይ?»
አልኳት፣ ቃል በቃል፣ እንደተጠየቀው።
ዝም አለች። ከዚያ በሹክሹክታ፦
«ደህንነት ደግሞ በምን ሰማ?»

አፈርኩ። ለካ ይህ ቃል
እኛ ዘንድ ቡትስ አጥልቆ ነው የሚሄደው፤
ወንድሟን (ኋላ እንደነገረችን)
በር ሳያንኳኳ ገብቶ፣ በሌሊት ልብሱ የወሰደው።

«ተርጓሚዋ ማብራራት ትፈልጋለች» አልኩ፣ እንደ ደንቡ።
«መላ ማለቷ ነው፣ እህቴ። የመውጫ መላ።
ነገር ሲከፋ በየት በኩል፣ ከማን ጋር፣ ምን ይዘሽ።»
«መላ?» አለች። «መላማ አለኝ እንጂ።

ፓስፖርቴና የልጄ ወረቀት
ፋብሪካው ሎከር ውስጥ ነው፣ ከጎማ ጫማዬ ሥር።
ብሬን ሞዴስ ካርቶን ውስጥ አኖራለሁ፤
እሱ እዚያ እጁን አይሰድም፣ ይጸየፋል።
መኪናዬን አፍንጫዋን ወደ መንገድ አዙሬ ነው የማቆማት፤
ልማዷ ነው ይላል።
ጎረቤቴ ማሪቴስ ፊሊፒኖ ናት። ሽንኩርት በነሱ ሲቡያስ ነው፤
‹ሲቡያስ አለሽ?› ብዬ ከጻፍኩላት
ፖሊስ ትጠራለች።
ሲጀምረው ወጥ ቤት አልገባም።
ቀን ቀን በቢላ ነው የምኖረው፤
ማታ ቢላ ካለበት እሸሻለሁ።
ኪሩቤል ሰባት ዓመቱ ነው።
ጫማውን አድርጎ መተኛት ለምዷል።»

ይህን ሁሉ «እኔ» እያልኩ አሻገርኩት፤
እንደ ሰው ልብስ ነው፣
ሙቀቱ ሳይለቅ አጠለቅኩት።
«ባለፈው እሁድ አንገቴን አነቀኝ» ስል በእንግሊዝኛ
እጄ ሳላዘው ወጥቶ አንገቴን ያዘ።
ሠራተኛዋ፦ ምልክት ባይኖርም ሐኪም ይይሽ፣ ነገ ሳትዪ።

«ሽማግሎቹስ?»
«ሦስቴ መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣
የቤት ገመና ነው፣ ቻይው ብለው ወጡ።»
ገመና እንግሊዝኛ የለውም። «ምስጢር» ብዬ አለፍኩ፤
ቀለለብኝ። ምስጢር ቢያንስ ለአንድ ሰው ይነገራል፤
ገመና ግን እንደ ገላ ይሸፈናል፣
የሚሸፍነውም የቆሰለው ነው።

አልጋ ተገኘ። ሁለቱን የሚይዝ ክፍል፣ ሜዲሲን ሃት።
«ዛሬ?»
«ዓርብ። ደመወዝ ዓርብ ነው።
በዚህ ስልክ አትደውሉልኝ፤ ማሪቴስ ጋ ደውሉ።»
ፈረቃዋ ደረሰ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤
ለየትኛችን እንደሆነ አላወቅኩም።
ተረጎምኩት።

ማስታወሻ ይቀደድ ይላል ደንቡ። ፖስታ ጀርባ ላይ፦
ጎማ ጫማ፣ ሞዴስ፣ ሽንኩርት፣ ዓርብ።
ቀደድኩት። የተቀደደውን ደግሞ ቀደድኩት።
ተርጓሚ መጨረሻውን አይሰማም።

ዓርብ ማታ በረዶ ጣለ።
እኔ የምሸሸው የለኝም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው።
ብቻ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
ካፖርቴን ደርቤ ወረድኩና
መኪናዬን አዞርኳት፣
አፍንጫዋን ወደ መንገድ።