ናቸው

ጎተንበርግ ይዘንባል፤
አስራ አንድ ቁጥር ትራም እስከ ባሕሩ ያዘግማል።
እኔና ሮቢን፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለን፣
መውረጃችንን ሁለቴ አልፈን፣
ስንት ነገር ሳንባባል ቀረን።

ማታ እናቴ ካልሲ ስታጥፍ «ማነው?» አለች፤ ቆይታ «ማናት?»
ሮቢን ራሳቸው ያልቆረጡትን፣ እኔ ምን ብዬ ልቁረጥላት?
«የምወዳቸው ሰው አሉ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።
«ውይ! ጡረታ ወጥተዋል?» ብላ ሳቀች፤
«አስራ ስድስት ዓመታቸው ነው» ስል፣
የአንድ እግር ካልሲ እንደያዘች ቀረች።

ሌሊት ለራሴም ቃል ፈለግሁ፤
«አንተ» ጠበበኝ፣ «አንቺ» ሰፋኝ፣
መስታወት ፊት አውልቄ ለበስሁ።
«እኔ» ብቻ፣ ወንድ ነህ ሴት ነሽ ሳይለኝ፣
እንደዚያ የዝናብ ትራም
ሳያሳፍረኝ አሳፈረኝ።