ቁልፉ አጋሮ ነው

ዝናቡ ሲያባራ፣ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሰበሰቡን ደግሞ፤ አደሉን ወረቀት።
«ወጣቱ ምን ይሻል? በአጭር ቃል ጻፉ፤
መስመሩ ሦስት ነው፣ ከመስመር አትለፉ፣»
አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣
ጃንጥላቸውን እያጣጠፉ።

ሲፈን ከጎኔ ናት፣ እስክሪብቶ ታኝካለች፤
«ሥራ» ብላ ጽፋ፣ ሰርዛ፣ መልሳ «ሥራ» ጽፋለች።
ተማም የጻፈው «ሜዳ»፤
ሜዳው ፎቅ በቅሎበት፣ ኳሳችን ዘበኛው አልጋ ሥር
ታስራ ቀርታለች፣ ያለ አንዳች ዕዳ።

የእኔ ልብ ግን ሄዶ ሰማያዊው በር ላይ ቆሟል።
«ወጣቶች ማእከል» ይላል፤
«የ» የምትባለዋን፣ የእኛ የምታሰኘዋን ፊደል፣
የአምናው ክረምት አጥቦ ወስዷታል።
በሩ ላይ ጓጉንቸር፤
የቦዬ ረግረግ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ ሲያድር፣
በጅማ ምድር አንድ እሱ ብቻ ዝም ያለ፣
አፉን የገጠመ፣ የዛገ ጓጉንቸር።

በመስኮቱ ስንጥቅ ይታያል የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ፣
መጽሐፍ በካርቶን፣ ገና ያልተፈታ፤
ያን ሁሉ ሸረሪት ገዛ።
«ቁልፉስ?» ስንል ዓመቱን፣ መልሱ ያው አንድ ነው፦
«ያዡ ተዛውሯል፤ ቁልፉ አጋሮ ነው።»

አጋሮ ቅርብ ነበር፤ በሚኒባስ ተሳፍሮ
ለምሳ ይደረሳል፣ ለመክሰስ ይመለሳል ዞሮ።
የቢሮው አጋሮ ግን ከመሬቱ አጋሮ ይርቃል፤
መንገዱ ፊርማ ነው፣ ድልድዩ ማኅተም፤ ማን ይዘልቃል?

በሦስት መስመር እንዴት ብዬ ልጻፈው
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ መብራት የሌለበትን፣
ፈትያ ከማታ ትምህርት ስትመለስ
ስልኳን እንደ ጧፍ ይዛ የምትቸኩልበትን?
ወንዱንስ፣ ባጃጁን እያዘገመ፣
ሒሳብ ሳይጠይቅ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣
ከኋላዋ መንገዱን የሚያበራላትን እስከ ቤቷ ደጅ ድረስ?
መጀመሪያ ማታ ድንጋይ አንስታበት ነበር።
ዛሬ ሞተሩን ከሩቅ ስትሰማ፣ ቆም ብላ ትጠብቃለች።
ይህን ምን ልበለው? «ትራንስፖርት»? «ጸጥታ»?
ቅጹ ላይ ሣጥን የለውም።

አባ ዲጋንስ፣ አናጢውን?
ከሶፋ፣ ከቁምሳጥን የተረፈ ዋንዛ
«ማገዶ ከሚሆን» ብለው ሰጡን፤
መሮ አያያዙን፣ እጃችንን በእጃቸው ይዘው፣ አሳዩን።
«አራት እግር» አሉ «ልስን ወለል ይሻል፤
ሦስት እግር ያለው ግን ጎርባጣ ላይም ይደላደላል።»
ሰባት በርጩማ ወጣን። አንዱ ያዘመመ ነው፤
የእኔ ሥራ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ አውቋል።

ከሰማያዊው በር ውጭ፣ በረንዳው ላይ ደረደርነው፤
ጀርባችንን ለጓጉንቸሩ ሰጥተን ተቀመጥን።
ሲፈን ለሕፃናቱ ክፍልፋይ ታስረዳለች፣
በከሰል፣ ግድግዳው ላይ።
ተማም በቆርኪ ዳማ ይገጥማል፤ ይሸነፋል፤ ያኮርፋል።
የሚያልፍ የሚያገድመውም፣ ድሮ «ቦዘኔ» ይለን የነበረው፣
ቀስ በቀስ ስማችንን መጥራት ለምዷል።

ስም መጠራት ይጻፋል?
ወረቀቴን ባዶውን መለስኩ።

ሐሙስ ዕለት ዶፉ ሲወርድ፣
ወይዘሮ ደብሪቱ ጃንጥላቸው ተገልብጦ እየሮጡ መጡ፤
ወንዱ ብድግ አለላቸው፤
ከሰባቱ መርጠው፣ ያዘመመው ላይ ተቀመጡ።
ነጠላቸውን ጨመቁ። ጓጉንቸሩን አዩት።
ደግመው አዩት።
እኛም ስለ ቁልፉ አልጠየቅናቸው።

«የማን ነው ይኼ?» አሉ ቆይተው፣
በርጩማውን እየዳሰሱ።
«የእኛ» አልናቸው፣ ሁላችንም ባንድ አፍ፣
«የ»ዋን ጠበቅ አድርገን፣
ዝናቡ እንዳይወስዳት።