ኮቴ

ደሴ የገባሁ ለት ሰኔ ነበረ፤
ቶሳ እስከ አንገቱ ጉም ተከናንቦ አደረ።
"ተራራው የት አለ?" ብዬ ብጠይቃት፣
"ፊት ለፊትህ" አለች፤ ባየው ባየው ጠፋኝ፣ እሷንም ሳቅ ያዛት።

አሰብ ነው ያደግሁት፣ ጨው በሚያጥበው አየር፣
ሰው አልጋውን ማታ ደጅ አውጥቶ በሚያድርበት ሰፈር።
መንገዱ ሲዘጋ ሐዋን ተከትዬ መጣሁ ወደ ሀገሯ።
ብርድን የማውቀው በዓሣው ማቀዝቀዣ፣
በሩ ሲከፈት ነው፣ እጄን እስከ ክርኔ ሳስገባ እንደ ዋዛ፤
ደሴ ስደርስ ለካ ያው በር ተዘጋብኝ፣
ከውስጥ መሆኔን ነው ሐዋ ያልነገረችኝ።

እሷ የደሴ ናት፣ የቧንቧ ውሃ ልጅ፤
ጉም በመስኮት ሲመጣ "ግባ" የምትለው፣ እንደ ጥንት ወዳጅ።
እኔ ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣
ሐምሌን ነሐሴን ፀሐይን እንደ ዕዳ ስቆጥር በልቤ፣
"ደስታ ከውስጥ ነው" እያለ ሰው መከረኝ፤
ውስጤም በርዶት ነበር፣ ማን ገብቶ ያይልኝ?

አኩርፌ ተነሣሁ፣ አኩርፌ ተኛሁ፤
ልጄን ተቆጣሁት፤ "ወጡ ጨው በዛበት" አልሁ።
ጨው አልበዛበትም።
ጎረቤታችን እማማ ዘርትሁን "ዓይነ ጥላ ነው" አሉ፣
ፀበል ረጩብኝ፤ የሐዋ አባት ደግሞ ዱዓ አስደረጉ።
ፀበሉ ቀዝቃዛ፣ ዱዓው ለብ ያለ፤ ሁለቱም ደግ ነበሩ።

በጥቅምት ሥራ አገኘሁ፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ።
ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ፣ ላብ ጀርባዬ ላይ ሲፈልቅ፣
መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎም ኮቴን አወለቅሁት፤
ረዳቱ "ጋሼ፣ ቆዳዎን ይተዉ እንጂ!" ሲል ሳቅሁ፤
ሳቄን ራሴ ሰማሁት።
ከአራት ወር በኋላ።

ያሳፍራል ደግሞ።
"ነፍሴ" እያልሁ የማማው፣ ያ ሁሉ ትካዜ፣
የጉልበቴ ብርድ፣ የእግሬ ድንዛዜ
ብቻ ኖሯል እንዴ?
ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ተወርዶ፣
በሚኒባስ ሒሳብ የሚገዛ ደስታ፣ ምን ይባላል ከቶ?
ቦርከና ዳር፣ በምሳ ሰዓት፣ ብርቱካን ስልጥ፣
አሰብን አስታወስሁ፤ ሳላለቅስ፣ ሳልቆጣ፣ ሳልቅበጠበጥ።

ሐዋን አመጣኋት። ሦስት ሳምንት ቆየች።
እግሯ አበጠ፣ ትንኝ በላት፣ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኛች፤
"እዚህ አየሩ ራሱ ሰው ተንፍሶ የተወው ነው" አለች።
አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣
"ወጡ ጨው በዛበት" አለችኝ ተቆጥታ።

ያኔ ነው የገባኝ።
"ሂጂ" አልኋት፤ ኩርፊያ አልነበረም፤
ፍቅር ማራገቢያ፣ ፍቅር ብርድ ልብስ አይሆንም።

እንዲህ ነው ኑሯችን፤ ቅዳሜ እወጣለሁ፣ እሁድ እወርዳለሁ።
"ተፋቱ ወይ?" ይላል ሰው፤ "አየሩ ነው" እላለሁ፤
ማን ያምናል?
ልጃችን ግን ያውቃል፤ ይደውልና "ዛሬ ቶሳ ይታያል" ይለኛል፤
እኔም "ሠላሳ ገባ" እለዋለሁ።
ሌላ ወሬ የለንም፤ ግን ስልኩን ቶሎ አንዘጋም።

ሐረጎ ላይ፣ ጉሙ መስታወቱን ሲነካ፣
እጄ ኮት ይፈልጋል። የለም ለካ።
ሐዋ በሩ ጀርባ ሰቅላ አስቀርታዋለች፤
"ይኼ እዚህ ካለ ትመጣለህ" ትላለች።
ሌሊት ነፋስ ገብቶ ከበሩ ጋር ሲያሻሸው፣
"ኮቴህን ሰማሁት" ትለኛለች በማግሥቱ፤ የቱን እንደሆነ አልጠይቃትም፣ እሷም አትለየው።

እንቅልፌም፣ ሳቄም፣ ጉልበቴም ኮምቦልቻ ነው።
ወዴት ነህ ለሚለኝ፣
ኮቴ ደሴ ነው።