ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት

ብሩክስ ከተማችን፣ አልበርታ ሜዳ ላይ፣
በረዶ ሲያጣብቀው መሬቱን ከሰማይ፣
ከትምህርት ቤት ስወጣ የምጠለልበት ስፍራ
አለ ቤተ መጻሕፍት፣ ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ብቻውን የሚያወራ።
ወይዘሮ ፍሪዘን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ መነጽሯን የምትፈልግ፣
«አንብቢና አስተያየትሽን ጻፊልኝ» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ በወግ።
ሰጠችኝ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ፤
ሽፋኑ ላይ ሴት ልጅ በገመድ ስትሄድ።

ቅጹ አምስት ኮከብ አለው፣ በቀለም የሚቀባ፤
ከሥሩ ሦስት መስመር። በሦስት መስመር ምኑን ላስገባ?
ጀርባውን ገልብጬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ልመስክር፣ እውነት እውነት ነው፤
እስከ ምዕራፍ ዘጠኝ እራቴን የበላሁት ባንድ እጄ መጽሐፉን ይዤው።
ከመቶ ዓመት በላይ ይርቃል ዘመኑ፤
ተጓዥ ትርዒተኞች በባቡር ተጭነው፣ ከነፈረሳቸው፣ ከነድንኳኑ፣
በዚሁ በኛ ሜዳ መንደር ለመንደር ሲያቋርጡ፣
አንድ ማታ አሳይተው፣ ሌሊቱን ነቅለው፣ ሳይነጋ ሲያመልጡ።

ዶራ ዐሥራ ሦስቷ ነው፤ እኩያዬ ናት፤
ገመድ ላይ ስትራመድ እግሯ አይርድባት፣
መሬት ስትወርድ ነው የሚያደናቅፋት።
አባቷ ቢላ ወርዋሪ፣ ቀን ሙሉ የማይናገር፤
የኔም አባት ቢላ አለው፣ ሥጋ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ፤ ግን እሱ ሌላ ነገር።

አሁን ወደ ቅሬታው።

አንደኛ፣ ፈረሱን መግደሉ ለምን ነው?
ሊያስለቅሰኝ ብሎ። ነቅቼበታለሁ። ባለቅስም፣ ያው፣ ነቅቼበት ነው።
ሁለተኛው ጠፋኝ። ይቅር፣ ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤
ሚስቱ የከዳችው ባለ ድርጅት አርባ ገጽ ይነፋረቃል፤ ሰው እንዴት አያርፍ?
ስለ ጢሙ ብቻ ሁለት ገጽ አለ፤
ድንኳኑን ማን ተከለ?

ያን ሁሉ ካስማ፣ ያን ሁሉ ገመድ፣ ጭቃ ለጭቃ
ሲተክል፣ ሲነቅል፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ እሱ የሚነቃ
ስም የለውም። «ሠራተኞቹ» ይላል በጅምላ፤
በጆንያ እንደ ድንች፣ በቁና እንደ ባቄላ።

ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ ግን አንዱ ብቅ ይላል፤
ነፋስ ሲነሣ፣ ዶራ ላይ ሳለች፣ ምሰሶውን አቅፎ ይይዛል።
«አንድ ሰው ምሰሶውን ያዘ።» በቃ። አራት ነጥብ።
ዶራ ዳነች፤ ጭብጨባ። እሱስ የት ገባ? ማንም አያስብ።

አባቴ ጎህ ሲቀድ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ፣
«ምሰሶ ይዞ ያደረ ሰው እጁ እንዴት ይሆናል?» አልኩት፤
መዳፉን ገልብጦ አየው። «በማግስቱ የሸሚዙን ቁልፍ አይቆልፍም» አለኝ። ጻፍኩት።
እናቴ ከመኝታዋ ሰምታን፣ «ይሄ ደራሲ አዝማሪ ቢሆን
ዳስ የጣለውን ሳያሞግስ ማን ያቀብለው ነበር መጠጡን!»

መጨረሻውም አልተዋጠልኝ፤ ዶራን ላንድ ገበሬ ዳረ፤
ገመዷን ጠቀለለ፣ ላም ሰጣት፣ አበቃ፣ ቀረ።
እንዴ! ልጅቱ የወረደችው ደክሟት ነው ወይስ ደራሲው ደክሞት?
ወይዘሮ ፍሪዘን፣ ጠይቂልኝ፣ ካለ በሕይወት።

ሦስት ኮከብ ተኩል።
ተኩሉ ለፈረሱ።

ቅጹ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ኃጢአት አለ፦
በእርሳስ፣ ገጹ ጠርዝ ላይ፣ እጄ እየዋለለ፣
«ስሙ አንቶን ነበር» ብዬ ጻፍኩለት፤
መጽሐፉን መለስኩት።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ፤
ገጹን ገለጥኩ።
አልጠፋም። ከሥሩ የሌላ ሰው እጅ፣ ሰማያዊ ቀለም፣ የዘመመ ፊደል፣
«ውሻም ነበረው» ይላል፣
«ካስማውን በአፉ ያቀብለዋል።»