ከውስጥ ዝጋው

ዴጉ ገበቴ ናት፣ ተራራ ነው ጠርዟ፤
በነሐሴ ፀሐይ ይከብዳል መዘዟ።
ንፋስ ቢገባባት እዚያው ሞቆ ይቀራል፣
አስፋልትና ጫማ ተጣብቆ ይማከራል።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ቤት ሲከፈት
ባልቴቶቹ ይመጣሉ ጥግ ጥጉን በስልት፣
በግንቡ ቀጭን ጥላ፣ ስንዝር በቀረላት፣
ቀዝቃዛዋን ማዕዘን ማን ቀድሞ ሊይዛት።

በሩ ላይ ወረቀት አለ፣ ቀበሌው የለጠፈው፤
«የሙቀት መጠለያ፤ ነጻ ነው፤ ማንም ሰው
ገብቶ ማረፍ ይችላል» ይላል፣ ማኅተም አርፎበት።
ግን ወረቀት ወረቀት ነው፤
ደጃፍ የራሱ ሕግ አለው፣ ማንም ያልጻፈለት።

ማልሱን ትባላለች፤ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፤
«የሴት ማብቂያ» እንደ ማለት ነው፤ ስም ያወጣው አባቷ
ወንድ ይከተላል ብሎ። ሦስት ሴት ተከተለ።
ስሙም ሳይታረም ይኸው እስከ ዛሬ አለ።
ልጇ የገዛላት ማቀዝቀዣ አላት፣
እንደ ሙሽራ በጥልፍ ጨርቅ የጋረደቻት፤
ሁለት በጋ አለፈ፣ አንድ ቀን አላበራቻት።
«የመብራቱ ሂሳብ ከሙቀቱ ይልቅ ይገድላል»
ትላለች። ደግሞም፦ «እኔ የምመጣው ለካርታ ነው፤
ለብርዱ ነው ማን ይላል!»

ካርታቸው ባለ አበባ ነው፤ ውርርዱ አሥር ዎን፤
ጆምንዬ ትሰርቃለች፤ ኦክቡን ትቆጥራለች ስርቆቱን።
ፒልጃ በሰባ አንድ ዓመቷ የቤቱ ልጅ ናት፤
ሐብሐብ የሚያስቆርጧት፣ ሱቅ ሮጠሽ ነይ የሚሏት።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣
ሞተር ሳይክል ደርሶ ጸጥ ሲል ተሰማ።
በሩ ሩቡን ተከፈተ። ጎልማሳ፣ የራስ ቁሩን ያላወለቀ፣
ኑድል የሚያደርስ፣ ላቡ እስከ ጫማው የዘለቀ፣
ወረቀቱን አንዴ፣ ባልቴቶቹን አንዴ አየ፤
እግሩ ሊገባ ተነሥቶ አየር ላይ ቆየ።

«በሩን ዝጋ!» አለች ማልሱን፣ ዓይኗ ሳይነሣ ከካርታው፣
«ብርዱ ወጣ!»
እሱም ዘጋው።
ከውጭ።

ዝም አለ ቤቱ። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።
«አባረርሽው እኮ» አለች ፒልጃ፤ ልጅ አንዳንዴ ይደፍራል።
ማልሱን በጉልበቷ ላይ መዳፏን ጫነች፣
ጉልበቷ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ጮኸ፤ ተነሣች።
(ካርታዋን ግን ይዛለች፤ ጆምንዬን ታውቃለች።)
በሩን ከፈተች፤ ያ እሳት ፊቷን ሲልሳት፣
ሰውየው ሞተሩ ላይ ሊወጣ ሲል ኮርቻው ፈጅቶት
እጁን ሲያራግፍ ደረሰችበት።
«ዝጋ አልኩህ እንጂ መች ውጣ አልኩህ?» አለችው፤
«ከውስጥ ነው የሚዘጋው።»

ገባ። ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ተቀዶ ነበረ፤
ስምንት ዓይን አየው፣ አንድ አፍ አልተናገረ።
ሐብሐብ ሰጡት፤ ከነዘሩ ዋጠ።
ስሙን «ሁንሶብ» ብሎ ሌላ ቃል አልሰጠ።
አሥራ አንድ ደቂቃ ከግድግዳው ተደግፎ፣
አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ፣ የራስ ቁሩን አቅፎ
ተኛ። ስልኩ ጮኸ።
ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ፤
የሌላ ሰው ቀዝቃዛ ምሳ በሳጥን አዝሎ ነጎደ።

በማግሥቱ ከማኅተሙ ግርጌ፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣
የፒልጃ ጽሑፍ ተገኘ፣ ፊደሉ ጋደል ብሎ ወጥቶ፦
«ከውስጥ ዝጋው።»
የቀበሌው ልጅ መጥቶ «ይሄን ማን ጻፈ?» አለ።
አራቱም ካርታ ይቆጥራሉ፤ ጆሮ ያለው የለ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ቁልፍ ነው፤ ቤቱ ይዘጋል፤
ሙቀቱ ሰዓት አያውቅም፤ ሌቱን ሙሉ ይተጋል።
ማልሱን እርጥብ ፎጣ ደረቷ ላይ ጥላ፣ ወለሉ ላይ ተጋድማ፣
የጥልፉን ጨርቅ ታያለች በከፊል ጨለማ።
አንድ ጊዜ ጫፉን ገለጥ አደረገችው።
መልሳ አለበሰችው።
ከዚያ በጣቷ ትቆጥር ጀመር፦
እስከ ሦስት ሰዓት ስንት ይቀራል?